ጸጥታ በለቅሶ ቤት

አመሻሽ ላይ፣ ራት ከተበላ በኋላ፣ ከተማው በሙሉ ዝም ይላል። ደወሉ አንዴ ይጮኻል፤ ከዚያ ውሃ የሚቀዳው ሰው ቧንቧውን ይዘጋል፣ የሚጨቃጨቁ ባልና ሚስት ጠባቸውን ለነገ ያሳድራሉ፣ ሳል የያዘው ፊቱን ትራስ ውስጥ ይቀብራል። የዚህ ከተማ ሕፃን አስቀድሞ መዳህ ይማራል፤ ቀጥሎ ዝም ማለት። በየግድግዳው ውስጥ የተቀበሩት፣ «ጆሮ» የሚባሉት የማዳመጫ መሣሪያዎች ሥራቸውን የሚሠሩት በዚህ ሰዓት ነው። ከወለል ሥር የሚሮጥ፣ ኮርኒስ የሚቧጥጥ፣ ጆንያ የሚቀድ ነገር ካለ ይሰማሉ፤ በደጃፉ ላይ ያለውንም መብራት ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ ይለውጡታል። ቢጫ ከበራ ተራው የአድማጩ ነው።

ከአቃቂ ወንዝ ዳር ያለው ብሎክ አድማጭ ትርንጎ ነበረች። ሃምሳን የዘለለች፣ ቀጠን ያለች፣ ቁጥብ ሴት ናት። ቁጥብነቷን ከሥራዋ ያመጣችው ነው የሚሉ አሉ፤ ጎረቤቶቿ ግን «እናቷ የቤቱን ወሬ ሁሉ ጨርሰውባት ነው» እያሉ ይቀልዳሉ። ማዳመጫዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ቢጫ ወደበራበት ቤት ትገባለች፤ ጆሮዋን ግድግዳው ላይ ትለጥፍና «እዚህ ጋ» ትላለች። ከዚያ ወጥመድ ይጠመዳል፣ ቀዳዳው በሽቦና በሲሚንቶ ይደፈናል፣ ወለሉ በበረኪና ይርሳል። ሳይርስ አይጠረግም። የደረቀ የአይጥ ኩስ በመጥረጊያ ያቦነነ ሰው ምን እንደሚያገኘው አገሩ በደንብ ተምሯል።

መርዝ የሚባል ነገር ድሮ ቀርቷል። በነትርንጎ አያቶች ዘመን ድርቁ ሲደጋገም ሰው ሁሉ የክፉ ቀን እህል አልጋው ሥር መከመር ጀመረ። እህሉ ሲበዛ አይጡ በዛ፤ አይጡ ሲበዛ መርዝ ተረጨ። መርዙ ድመቱን ጨረሰ፣ ጭልፊቱን ጨረሰ፣ ጉጉቱን ጨረሰ፤ አይጡ ግን ለመደው። ዛሬ የብሎኩ ልጆች «አይጥ ለሞቷ የድመት አፍንጫ ታሸታለች» እያሉ ይተርታሉ፤ ድመት በዓይኑ ያየ ግን ከመካከላቸው አንድም የለም።

በሽታውን የአይጥ ንዳድ ይሉታል። በአብዛኛው የሚመጣው ከሽንቱ ነው። ሽንቱ ባረጠበው ነገር ላይ በባዶ እግሩ የረገጠ፣ የተቀመጠ፣ የተላላጠ ቆዳውን ያስነካ ሰው ይያዛል። መጀመሪያ ትኩሳት ነው፤ ቀጥሎ ባት ይቆረጥማል፤ ቀጥሎ ዓይን ይቀላል። በጊዜ ከተደረሰበት መድኃኒት አለው። የቀላው ዓይን ቢጫ ሲሆን ግን ሐኪሙም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ዘመድ ይጠራ ይላል።

ሰዉ ይህን ኑሮ ለምዶታል። እምቢ ያለው በአንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በለቅሶ። ሕጉ መጀመሪያ ሲወጣ፣ ሰው የሞተበት ብሎክ እስከ ሠልስቱ ድረስ ቀንም ሌትም ይደመጥ፣ ሐዘንተኛውም ዝም ይበል ይል ነበር። ሬሳ መሸኘት ከቀረ ሰንብቷል፤ ሰው ትንፋሹ እንደወጣ የማዘጋጃ ቤቱ መኪና ይወስደዋል፣ ቀባሪ አይከተልም። የቀረው የቤት ለቅሶ ነው። እሱም ሊወሰድ ሲል እድሮቹ ሁሉ አንድ ላይ ተነሡ። «እኛንም ከአይጡ ጋር ቆጥራችሁናል ማለት ነው» አሉ። ከተማው ተሸነፈና የሐዘን ፈቃድ የሚባል ነገር መጣ፤ ሰው የሞተበት ብሎክ እስከ ሠልስቱ ጆሮዎቹ ይዘጋሉ፣ የየደጃፉም መብራት ይጠፋል። ሰዉ በዚህ ይኮራ ነበር። ትርንጎም ትኮራ ነበር።

እሷ ደግሞ ከሰው በላይ ምክንያት ነበራት። እናቷ እማማ ዘርትሁን የብሎኩ አልቃሽ ናቸው። ሰው ሞተ ሲባል ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ጫማቸውን ደጃፍ አውልቀው ይገቡና የእድሩ ፍራሽ ላይ ከሐዘንተኛዋ አጠገብ ይቀመጣሉ። ከዚያ የሟቹን ሥራ፣ የሟቹን አካሄድ፣ የሟቹን ቀልድ እያነሡ ሲያወርዱት፣ ድንጋይ ልብ ያለው ወንድ እንኳ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ክረምቱ ሲገባ ሾፌሩ አየነው በንዳድ በሞተ ጊዜ እንዲህ ብለው ነበር፤

«ሞተሩ ሳይጠፋ ሾፌሩ ወረደ፣
መንገዱን ሳይነግረን ብቻውን ነጎደ።»

የአየነው ሚስት ይህን ስትሰማ ነው እንባዋ የወጣላት። እስከዚያ ድረስ እንደ ደነዘዘች ነበረች።

ከአየነው በኋላ አክስቱ ሞተች። ከአክስቱ በኋላ ከእሷ ጋር ሦስቱንም ቀን የተቀመጠች ጎረቤቷ ሞተች። ከዚያም ሌላ፣ ከዚያም ሌላ። የእድሩ ፍራሾች ወደ መጋዘን መመለሳቸው ቀርቶ ዝናብ እየመታቸው ከቤት ወደ ቤት ይዞሩ ጀመር። አንዱ ፈቃድ ሳያልቅ ሌላው ይተካል። የየደጃፉ መብራት ክረምቱን ሙሉ ጠፍቶ ከረመ ማለት ይቻላል። ትርንጎም ሥራ ፈትታ ከእናቷ ጋር ለቅሶ ትደርስ ነበር፤ አንድ ቀን ከለቅሶ ቤት ስትወጣ የጨለመውን የመብራት ረድፍ ቀና ብላ አየችና የሞቱትን በጣቷ መቁጠር ጀመረች።

በማግስቱ ወደ እድሩ ዳኛ ወደ ጋሽ ወርዶፋ ሄደች። ጋሽ ወርዶፋ ጎበጥ ያሉ፣ ሳቅ የማይለያቸው ሽማግሌ ናቸው፤ በዚያ ሰሞን ግን ሳቃቸው ተሟጦ ነበር።

«ጋሼ፣ ይህ ብሎክ እኮ አልተደመጠም» አለቻቸው።

«ሐዘን ላይ ነዋ።»

«እሱን ነው የምልዎት። የሚሞተው ለቅሶ ላይ የከረመው ሰው ነው። የሞተ ሰው ደግሞ ሌላ ፈቃድ ያመጣል፤ ፈቃዱ ሲመጣ ጆሮው ይዘጋል። አይጡ የት እንዳለ ሳናውቅ ልናልቅ ነው። በአንዱ ለቅሶ እንኳ ጆሮው ይከፈት።»

ሽማግሌው ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። «ሰው የሞተበት ደጃፍ ቆሜ፣ ‹አይጥ አለባችሁና አፋችሁን ያዙ› ልበል? በምን ዓይኔ ነው የማያቸው?»

«ሰው እያለቀ ነው፣ ጋሼ።»

«ለቀባሪው አረዱት! ሬሳውን እስከ መኪናው የምሸከመው ማን ሆነና?» ተቆጡ፤ ቁጣቸውም ወዲያው በረደ። «አንቺ ያልሽው ሳይሆን አይቀርም፣ ልጄ። ግን ማን ይጀምር? የማንን እናት ነው ያለ ለቅሶ የምንሸኘው? ስሙን ጥሪልኝና ነገ እጀምራለሁ።»

ትርንጎ የምትጠራው ስም አጣች። ፊቷ ላይ ድቅን የሚለው ሁሉ ሰላም የምትለው፣ እሳት የምትጫጫረው ሰው ነው። «ሐዘናችሁን ለእኔ ስጡኝ» ብሎ ማንን ይጠይቋል? ወደ ቤቷ ተመለሰች። በይሉኝታዋ ኋላ ራሷን ረገመች፤ ያን ጊዜ ግን ሌላ ማድረግ አልቻለችም።

ሳምንት ሳይሞላ እማማ ዘርትሁን «ባቴን ይቆረጥመኛል» አሉ።

እርጅና ነው ብለው ደብቀውት ኖሯል። ትርንጎ የዓይናቸውን ሽፋን ገልብጣ ስታይ ቀልቶ አልፏል፤ ነጩ ቢጫ መሆን ጀምሯል። ሐኪም መጣ፣ መድኃኒት ተሰጠ፣ ሐኪሙ ሲወጣ ድምፁን ዝቅ አደረገ። እናቲቱ ግን አእምሯቸው አልደከመም ነበር። ልጃቸው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ እግራቸውን ስታሽ ቆይተው፣

«ለወርዶፋ ያልሽውን ነግሮኛል» አሉ።

«ተይው አሁን፣ እማዬ።»

«አልተወውም። እኔ ያላለቀስኩለት የዚህ ብሎክ ሟች አለ? የጠላቴን እናት እንኳ አልቅሻለሁ። አሁን የእኔ ተራ ሲደርስ፣ አይጥ ላዳምጥ ብለሽ ሰዉን ዝም ልታሰኚብኝ ነው? እኔ ከአይጥ አንሼ?»

«እንደሱ አላልኩም።»

«ቃል ግቢልኝ። ድምፅ ይውጣልኝ። ባታውቂበትም እሪ በይልኝ፤ ይበቃኛል።»

ትርንጎ የእናቷን እግር ይዛ ቀረች። እሺ ላለማለት ፈልጋ ነበር። የታመመ ሰው ፊት እምቢ የሚል አንጀት ግን ከየት ይምጣ? «እሺ፣ እማዬ» አለች። እማማ ዘርትሁን «ቀባሪ አያሳጣሽ» ብለው መረቋት፤ ከዚያ በኋላ ብዙ አልተናገሩም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት አረፉ።

መኪናው እስኪመጣ ትርንጎ እናቷን አጥባ ገነዘች። ደረጃው ላይ የሴቶቹ እርምጃ ይሰማል፤ ጎረምሶቹ የእድሩን ፍራሽ እየተሸከሙ ያስገባሉ፣ ጥጉ ላይ ይከምራሉ። እትዬ በዳቱ፣ የጋሽ ወርዶፋ ባለቤት፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ቀድመው ደርሰዋል። ዓይናቸው ቀልቷል። ትርንጎ ያንን ቅላት አየች፤ የእንባ ይሁን የሌላ መለየት አቃታት። ብዙ አሰበች። ከዚያ ተነሥታ ወደ ኮሪደሩ ወጣችና ጋሽ ወርዶፋን ክንዳቸውን ያዘች።

«ከእኔ ይጀመር፣ ጋሼ።»

«ምኑ?»

«ፈቃድ አልፈልግም። ጆሮው አይዘጋ።»

«ዘርትሁንን? ዘርትሁንን ዝም ብለን?»

«እናቴ ናት። የእኔ ናት፤ መስጠት እችላለሁ» አለች። አላለቀሰችም።

ነገሩ ሲሰማ ቤቱ ተናወጠ። «ለሰው ሁሉ አልቅሰው!» አለች አንዷ። «ምን ዓይነት ማኅፀን ነው እቴ የቋጠራት!» አለች ሌላዋ፣ ትርንጎ እየሰማች። ነጠላቸውን አንሥተው የሄዱም አሉ። ብዙዎቹ ግን ቀሩ፤ የቀሩትም ለትርንጎ ብለው ሳይሆን ለእማማ ዘርትሁን ብለው ነው። መኪናው መጥቶ ሬሳውን ወሰደ። ሬሳ ሲወጣ እሪታ በሚቀልጥበት ደጃፍ፣ የጫማ ኮቴ ብቻ ተሰማ።

ያንን ቀን ሰዎቹ ፍራሽ ላይ እንደ ተደረደሩ ዝም ብለው ዋሉ። ሴቶቹ የነጠላቸውን ጫፍ ነክሰዋል። አንዷ ሳግ ሲተናነቃት ሌላዋ ጀርባዋን ታሻለች። ትርንጎ መካከል ላይ ተቀምጣ እናቷ የተቀመጡበትን ቦታ ሁሉ ታስባለች፤ ስንት ቤት፣ ስንት ፍራሽ ላይ። ቃሏን መብላቷን ታውቃለች። ምንም ባይሰማስ? እናቴን በከንቱ ባዋርዳትስ? ይህ ሐሳብ ከሐዘኑ በላይ ይበላት ነበር።

ሲመሽ ደወሉ ጮኸ። ከታች ቤት ያሉት፣ ከላይ ቤት ያሉት፣ ከተማው ሁሉ ዝም አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ለቅሶ ቤት ውስጥ የሰው ትንፋሽ ብቻ ቀረ።

ከዚያ አንድ ነገር ሲጥ አለ።

በጣም ቀጭን ድምፅ ነው። ሁሉም ራሱን ቀና አደረገ። ደግሞ ሲጥ አለ፤ ቀጥሎ አንድ ነገር ጨርቅ ሲቧጥጥ ተሰማ። ደጃፉ ላይ መብራቱ ቢጫ ሆነ። ትርንጎ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አልሰካችም፤ አላስፈለጋትም። በጉልበቷ እየዳኸች ወደ ጥጉ ሄደች፣ ገና ያልተነጠፈው የፍራሽ ክምር ላይ ጆሮዋን አስጠጋች። «እዚህ ጋ» አለች በከንፈሯ ብቻ።

ጋሽ ወርዶፋና ሁለት ጎረምሶች የላይኞቹን ፍራሾች አነሡ። የታችኛው ፍራሽ ጎኑ ተቀዷል። ጥጡ ተቦርቡሮ ጎጆ ሆኗል፤ ውስጡ ጠጉር ያላወጡ፣ ዓይናቸው ያልተገለጠ የአይጥ ግልገሎች ይርመሰመሳሉ። ጨርቁ ዙሪያውን በሽንት ረጥቦ ጠቁሯል። የሌላኛውን ፍራሽ ስፌት ሲፈቱት እንዲሁ ነው። አይጦቹ ከየለቅሶ ቤቱ እህል እየበሉ፣ ከፍራሹ ጋር በሰው ትከሻ ከቤት ቤት ሲዞሩ ከርመዋል።

ማንም አልጮኸም። ሴቶቹ የተቀመጡበትን ፍራሽ ወደ ታች አዩ። የአየነው ሚስት ቀድማ ተነሣች፤ ባሏን ያለቀሰችበት፣ አክስቱን ያለቀሰችበት ፍራሽ ነው። አንድ በአንድ ሁሉም ተነሡ፣ በባዶ እግራቸው ሲሚንቶው ላይ ቆሙ። እድሩ ለእርዳታ ያመጣው፣ ሐዘንተኛ መሬት እንዳይቆረቁረው ብሎ ያነጠፈው ነገር ነው የሞቱትን የገደላቸው። ይህን ለመናገር የደፈረ አልነበረም፤ የጸጥታው ሰዓት ሲያበቃም የሚያለቅስ ሰው ጠፋ። ድንጋጤው እንባውን ወስዶት ነበር።

ፍራሾቹ በበረኪና ተነክረው ግቢው ውስጥ ተቃጠሉ። እትዬ በዳቱና ባታቸውን የቆረጠማቸው ሌሎች ሦስት ሴቶች በማግስቱ መድኃኒት ተጀመረላቸውና ዳኑ። ከዚያ ወዲያ በአቃቂ ዳሩ ብሎክ በንዳድ የሞተ የለም። ትርንጎን የሰደቧት እግሯ ላይ ወድቀው ይቅርታ ጠየቁ። ለእማማ ዘርትሁን ግን አንድ ግጥም አልወረደላቸውም፤ ሠልስቱ በዝምታ አለፈ፣ ያለፈ ለቅሶ ደግሞ አይመለስም።

ወሬው ከተማው ደረሰ። ሹማምንቱ ብሎኩን ጎበኙ፣ ትርንጎን ጨበጧት፣ ፎቶ ተነሡ። ጥቂት ቆይቶ የሐዘን ፈቃድ በመላው ከተማ መሻሩ ታወጀ፤ በንዳድም ይሙት በሌላ፣ ሰው የሞተበት ብሎክ ሠልስቱን ሙሉ ይደመጣል ተባለ። አዋጁ ሲነበብ የትርንጎ ስም በምሳሌነት ተጠቀሰ። እድሮቹ በዚህ ጊዜ አልተነሡም። ምን ብለው ይነሡ? እሷ ቤቷ ተቀምጣ አዋጁን ሰማችና እጇን አፏ ላይ ጫነች። አንዲት እናቷን ነበር የሰጠችው፤ የሁሉንም ወሰዱ።

ሰዉ ይህንንም ለመደው። ሴቶቹ ደረት መምታትን አልተዉም፤ እጃቸውን በነጠላ ጠቅልለው በዝግታ ይመታሉ። አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ድምፅ አያወጡም። ልጆቻቸው ደረጃ ላይ ለቅሶ ለቅሶ ሲጫወቱ ዝም ብለው አፋቸውን ከፍተው ይተያያሉ።

በዓመቱ ጋሽ ወርዶፋ ሞቱ። በሽታ አልነበረም፤ ዕድሜያቸውን ጨርሰው፣ ተኝተው ሳለ ነው የሄዱት። ትርንጎ ማዳመጫዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ገባች። አሁን ለቅሶ ቤት መቀመጥ ግዴታዋ ነው፤ ሐዘንተኛም ናት፣ ዘበኛም ናት። ሰዎቹ የሚታጠብ የፕላስቲክ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። ቤቱ ንጹሕ ነው፣ መብራቱ አረንጓዴ ነው። እትዬ በዳቱ አጠገባቸው ቦታ ለቀቁላት።

«ሰማሽ ወይ?» አሏት በሹክሹክታ።

«ምንም የለም፣ እትዬ። አንድም አይጥ የለም።»

«እኔም ጆሮዬን አቅንቼ እያዳመጥኩ ነው» አሉ አሮጊቷ። «አርባ ዓመት የሰውን ሬሳ ሲሸከም ኖረ። ‹ወርዶፋ› ብሎ ስሙን የሚጠራለት አንድ ሰው ልስማ ብዬ።»

አሮጊቷ እጃቸውን በነጠላ ጠቀለሉና ደረታቸውን መምታት ጀመሩ። ሌሎቹም ተከተሏቸው። ክፍሉ በሙሉ በታፈነ ምት ተሞላ፤ ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ። ሐዘኑ ጸንቶ ምቱ በረታ። ከዚያ ደጃፉ ላይ መብራቱ ቢጫ ሆነ።

ሁሉም እጁን አቆመ። ሴቶቹ ትርንጎን አዩ። ማዳመጫዋ ነዘረ፤ ጆሮዎቹን ሁሉ ከሚከታተለው የከተማው ማዕከል የአንድ ወጣት ድምፅ በትሕትና መጣ።

«አቃቂ ዳር፣ እንቅስቃሴ ይሰማናል። ብዙ ይመስላል። አይጡ የት ጋ ነው፣ እናቴ?»

«አይጥ አይደለም» አለች ትርንጎ።

«እሺ፣ ምን ብዬ ልመዝግብ?»

ትርንጎ ዙሪያዋን አየች፤ ነጠላ የተጠቀለሉ እጆችን፣ ተከፍተው ድምፅ ያጡ አፎችን።

«ሰው ነን» አለች። «ሰው ሞቶብን እያለቀስን ነው።» ከዚያ ማዳመጫውን ከአንገቷ አውልቃ ምንጣፉ ላይ አስቀመጠችና፣ «ወርዶፋ! ወርዶፋዬ!» ብላ እሪ አለች። አታውቅበትም ነበር፤ ድምጿ ሻካራ ነው፣ ግጥም የለውም። እትዬ በዳቱ ተቀበሏት፣ ሌሎቹም ተቀበሉ፤ ለጋሽ ወርዶፋ የተጀመረው መካከል ላይ ወደ እማማ ዘርትሁን ዞረ፣ ወደ አየነውም ዞረ። ማዕከሉ ደጋግሞ ጠራ፤ የሚመልስለት ግን አልነበረም።